«ማጣሪያው አልቆለታል» ሲባሉ፣ ከመፈረምዎ በፊት

ከፋሲካ በፊት በነበሩት ሳምንታት የእናታችን ጎመን ቢጫ እየሆነ ሄደ። እናታችን ናሕሊኤል ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት፤ ጓሮ የላቸውም። ለዚህ ነው የልጅ ልጃቸው በረንዳው ላይ ቀዳዳ ያላቸው ነጭ ቱቦዎች ደርድሮ፣ ከሥር 20 ሊትር የሚይዝ ባልዲና ትንሽ ፓምፕ አስቀምጦ፣ ያለ አፈር በውኃ ብቻ አትክልት የሚበቅልበትን ዘዴ የሠራላቸው። እዚህ አገር ሂድሮፖኒ ይሉታል። መጀመሪያ ላይ እናታችን ሳቁበት፤ «አፈር ያልነካው ጎመን ምን ጎመን ነው» አሉ። ሰላጣው፣ በሶብላውና የሐበሻው ጎመን ቅጠል ሲያወጣ ግን ጠዋት ከቡና በፊት እሱን ሄዶ ማየት ልማድ ሆነባቸው።

ጎመኑ ቢጫ ሲሆን ሌላም ነገር አብሮ መጣ። ከማጠቢያው ሥር የተገጠመው የውኃ ማጣሪያ አንድ ብርጭቆ ለመሙላት ደቂቃዎች ይፈጅበት ጀመር፤ ሌሊት ሌሊት ደግሞ በፍሳሽ ቱቦው ውስጥ ውኃ ሲንጎራጎር ይሰማ ነበር። እናታችን ማጣሪያውን ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ሸጠላቸው ድርጅት ደወሉ። በማግሥቱ አንድ ትሑት ወጣት መጣ፤ አማርኛ ይናገራል፣ ጫማውን በር ላይ አወለቀ፣ «እማማ» እያለ ነው የሚያነጋግራቸው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ አስቀመጠ፤ አንዱ የቧንቧ ውኃ፣ ሌላው ከራሱ ጠርሙስ የቀዳው የተጣራ ውኃ። የብረት ዘንግ ያለው መሣሪያ ከኤሌክትሪክ ጋር አገናኝቶ በሁለቱም ውስጥ ነከረው። የቧንቧው ውኃ በአንድ ደቂቃ ውስጥ እንደ ጭቃ ቡናማ ሆነ። «እማማ፣ ይሄንን ነው እየጠጡ ያሉት። ማሽኑ አልቆለታል።» እናታችን ለአዲስ ማሽን በ36 ወር ክፍያ ፈረሙ።

እኛ ይህን የሰማነው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። «እኛ» ስንል የቤቱን ልጆችና በሰፈሩ ቤት ለቤት የምንዞረውን ነርሶች ማለታችን ነው፤ ሁለቱንም የሆነ ሰው አለና። ስለ ማጣሪያው ያወቅነውን እዚህ የምንጽፈው ተመሳሳይ ማሽን ሥራ ስንሄድ በብዙ ቤት ከማጠቢያ ሥር ስለምናየው ነው። ባለቤቶቹ ስለ ማሽኑ የሚያውቁት ወርኃዊ ክፍያውን ብቻ ሆኖ እናገኛለን።

መጀመሪያ የዚያን ቡናማ ውኃ ነገር እንጨርስ። ቡናማው ቆሻሻ ውኃው ውስጥ አልነበረም፤ የመጣው ከብረት ዘንጉ ነው። ኤሌክትሪክ በውኃ ውስጥ የሚያልፈው ውኃው የሟሟ ማዕድን ሲኖረው ነው፤ ሲያልፍ ብረቱን ይበላዋል፣ የሚታየውም ዝገት ነው። የተጣራው ውኃ ማዕድን የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ኤሌክትሪኩ እምብዛም አያልፍም፣ ብርጭቆውም ጥርት እንዳለ ይቀራል። በዚያ በጠራው ብርጭቆ ውስጥ ትንሽ የገበታ ጨው ጨምረው ቢደግሙት እሱም ቡናማ ይሆናል። ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ጨው፣ ሁሉም ኤሌክትሪክ ያሳልፋሉ። ቤት መጥቶ ይህን የሚያሳይ ሻጭ ካጋጠመዎት ጨዉን አምጡና «እስቲ እዚህ ላይም ድገመው» በሉት።

በሻይ ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር፣ አቫኒት የሚሉት፣ እሱም በሽታ አይደለም፤ አብዛኛው ካልሲየም ነው። ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ያስለቅቀዋል።

አሁን ስለ ማሽኑ። ሻጮች ኦስሞዛ ሃፉኻ የሚሉት ነው። ውኃ በግፊት እጅግ ስስ በሆነ ሽፋን፣ ሜምብሬን በሚባለው፣ ውስጥ እንዲያልፍ ይገደዳል፤ ውኃው ያልፋል፣ የሟሟው ጨውና ማዕድን አብዛኛው ወደ ኋላ ይቀርና ከተወሰነ ውኃ ጋር ወደ ፍሳሽ ይሄዳል። እኛ ኻዴራ የምንኖር ሰዎች ይህን ዘዴ በትልቁ ጎረቤታችን አድርገነዋል። ባሕሩ ዳር፣ ከኦሮት ራቢን የኤሌክትሪክ ማመንጫ አጠገብ ያለው የባሕር ውኃ ማጣሪያ ፋብሪካ በ2009 መጨረሻ ላይ ሥራ ሲጀምር በዓመት 127 ሚሊዮን ኪዩቢክ ሜትር እንዲያመርት ተሠርቶ ነው፤ በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ በዚህ ዘዴ ከሚሠሩት ትልልቆቹ አንዱ ነበር። የአገሪቱ የውኃ መረብ የባሕሩን ውኃ፣ የጉድጓዱንና የኪኔሬትን ውኃ ስለሚያቀላቅል በቧንቧችን የሚመጣው ድርሻ ይለያያል። ሆኖም ከቧንቧው ከምንቀዳው ውስጥ በፋብሪካው ሜምብሬን አንድ ጊዜ ያለፈ አለበት። ከማጠቢያው ሥር ያለው ትንሹ ማሽን የሚሠራው ለሁለተኛ ጊዜ ነው።

ማጣሪያ በየትም ቦታ ዋጋ የለውም ማለታችን አይደለም። በአገራችን በስምጥ ሸለቆ፣ ለምሳሌ በወንጂ አካባቢ፣ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት የልጆችን ጥርስ ያበላሻል፣ አጥንትም ይጎዳል፤ እዚያ ፍሎራይዱን የሚያስወግድ ማጣሪያ ሕይወት ይለውጣል። ኻዴራ ውስጥ ግን ጥያቄው ሌላ ነው፤ የተገጠመው ማሽን የተከፈለበትን ሥራ እየሠራ ነው ወይ?

ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው ብዕር የምታክል መለኪያ ናት። ቲ ዲ ኤስ ሜትር ትባላለች፤ ዋጋዋ ጥቂት አሥር ሸቀል ነው። ውኃ ውስጥ ስትነክሯት የሟሟውን ማዕድን በሊትር ስንት ሚሊ ግራም እንደሆነ በቁጥር ታሳያለች። ያን ቀን ከቧንቧው በቀጥታ የቀዳነው 260 አለ። ከማጣሪያው የወጣው 170 አለ። ከማዕድኑ የቀነሰው አንድ ሦስተኛውን ያህል ብቻ ነው ማለት ነው፤ ጤነኛ ማሽን ከ90 በመቶ በላይ ይቀንሳል። አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ ማሽኑ ለሰዓታት ቆሞ ከቆየ በኋላ መጀመሪያ የሚወጣው ውኃ ከወትሮው ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል፤ ትንሽ አፍስሳችሁ ለኩ። ደግሞም ይህች ብዕር ጀርም አታይም። ቁጥሩ ትንሽ ነው ማለት ውኃው ከባክቴሪያ ነጻ ነው ማለት አይደለም።

ሜምብሬኑ ለምን ተበላሸ? ማሽኑ ውስጥ ከሜምብሬኑ በፊት ሁለት ማጣሪያዎች አሉ፤ አንዱ አሸዋና ዝገት ይይዛል፣ ሌላው ከከሰል የተሠራና ክሎሪን የሚያስቀር ነው። በቧንቧ ውኃ ውስጥ ጀርም እንዲገድል የሚጨመረው ክሎሪን ለእኛ ይጠቅመናል፣ ሜምብሬኑን ግን ይበላዋል። ከሰሉ በየስድስት ወሩ፣ ቢበዛ በዓመት ካልተለወጠ ክሎሪኑን ማስቀረት ያቆማል። ሜምብሬኑ ራሱ ሁለትና ሦስት ዓመት ይቆያል። በእናታችን ማሽን ላይ በሦስት ዓመት ውስጥ ማጣሪያ የተለወጠው አንድ ጊዜ ነበር። ወርኃዊ ክፍያው አንድም ወር አልተቋረጠም። ቴክኒሻን ሲመጣ አሮጌውን ማጣሪያ አውጥቶ እንዲያሳያችሁና ቀኑን በአዲሱ ላይ እንዲጽፍበት ጠይቁ፤ ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ውኃው ቀስ ብሎ የሚወርድበት ምክንያት ደግሞ ከአንድ በላይ ነው። የተደፈነ የመጀመሪያ ማጣሪያ አንዱ ነው። የቧንቧው ግፊት ከሦስት ባር በታች ሲሆን ሜምብሬኑ በደንብ አይሠራም፤ የላይኛው ፎቅ ሰዎች ይህን ልብ በሉ። በብርድ ወራትም ማንኛውም ማሽን ያዘገማል፤ ማምረት የሚችለው የሚለካው በ25 ዲግሪ ውኃ ስለሆነ፣ ውኃው 15 ዲግሪ ሲሆን ሩብ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። በእኛ ቤት ግን ጥፋቱ ታንኩ ላይ ነበር። ታንኩ ውስጥ እንደ ኳስ አየር የያዘ ክፍል አለ፤ ውኃውን ወደ ላይ የሚገፋው እሱ ነው። የውኃውን መግቢያ ዘግተን፣ ታንኩን ባዶ አድርገን፣ ከጎኑ ባለችው እንደ ብስክሌት ጎማ ባለች ቀዳዳ ግፊቱን ለካን። ግማሽ ባር ያህል መሆን ሲገባው ምንም አልነበረውም። በብስክሌት ፓምፕ ሞላነው። ዋጋው ዜሮ ሸቀል።

ሌሊት የሚንጎራጎረው ውኃ ግን ገንዘብ ነው። ማሽኑ ንጹሕ አንድ ሊትር ለመስጠት ሦስት ወይም አራት ሊትር ወደ ፍሳሽ ይለቃል፤ ይህ የአሠራሩ ጠባይ ነው። ታንኩ ሲሞላ ግን መቆም አለበት። ካልቆመ እንዲህ ፈትኑት፦ ቧንቧውን ዘግታችሁ የታንኩን ቁልፍ ዝጉና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። የፍሳሹ ድምፅ ከቆመ መዝጊያው ይሠራል፤ ችግሩ ግፊቱ ታንኩን እስኪሞላ አለመድረሱ ነው። ካልቆመ የታንኩን ቁልፍ መልሳችሁ ክፈቱ፣ ታንኩ ውኃ እንዳለው የማሽኑን መግቢያ ዝጉ። ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላም ፍሳሹ ከቀጠለ ውኃው ከታንኩ ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው፤ መመለስን የሚከለክለው ትንሹ ቫልቭ ሞቷል። ከቆመ ደግሞ ጥፋቱ ራሱ በራሱ የሚዘጋው ቫልቭ ነው። የእኛው ይህ ሁለተኛው ነበር፤ ከሁሉም ርካሹ ዕቃ።

የፈሰሰውን በኩባያ ለካነው፤ በደቂቃ 100 ሚሊ ሊትር። ትንሽ ይመስላል። በቀን 144 ሊትር፣ በሁለት ወሩ ሂሳብ 8,640 ሊትር ነው። በዚህ አገር በዝቅተኛው ዋጋ የሚሰጠው ውኃ ለአንድ ሰው በወር 3.5 ኪዩቢክ ሜትር፣ በሁለት ወር 7 ኪዩቢክ ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው በከፍተኛው ዋጋ ይታሰባል። አንዲት የላላች ቫልቭ የአንድ ሰው ድርሻ በልታ ትተርፋለች። ስለዚህ ነገር ካነሣን አይቀር፣ በቤታችሁ የሚኖረው የሰው ቁጥር በውኃ ኮርፖሬሽኑ መዝገብ ላይ በትክክል መጻፉን ሂሳቡ ላይ እዩ። ስድስት ሰው እየኖረበት ሁለት ተብሎ የተመዘገበ ቤት አይተናል።

ጎመኑስ? ሁላችንም መጀመሪያ የጠረጠርነው ማሽኑ ቆሻሻ ውኃ እየሰጠ አትክልቱን መረዘው ብለን ነው። ቅጠሎቹን በደንብ ስናያቸው ግን ቢጫ የሆኑት የታችኞቹ፣ ያረጁት ናቸው፤ የቅጠሉ ሥር አረንጓዴ ሆኖ በሥሩ መካከል ያለው ቦታ ነው ቢጫ የሆነው። ይህ የማግኒዚየም ማነስ መልክ ነው። ተክሉ ማግኒዚየም ሲያጥረው ከአሮጌው ቅጠል ነጥቆ ለአዲሱ ይሰጣል። (የካልሲየም ማነስ በተቃራኒው በአዲሱ ቅጠል ጫፍ ላይ ይታያል፤ ይቃጠላል።) የልጅ ልጃቸው የገዛው ማዳበሪያ ርካሹና ካልሲየምም ማግኒዚየምም የሌለበት ነበር፤ እነዚህን ከአፈር ወይም ከውኃው ያገኛል ተብሎ የታሰበ። አፈር የለም። ውኃው ደግሞ ማሽኑ ደህና በነበረበት ጊዜ ሁለቱንም አጥቶ ነበር የሚመጣው፤ ማሽኑ ከደከመ በኋላም ቢሆን ከቧንቧው ውኃ የሚያገኘው ማግኒዚየም ትንሽ ነበር።

ይህ በበረንዳ ብቻ የደረሰ አይደለም። አሽቀሎን ያለው የባሕር ውኃ ማጣሪያ በ2005 ሥራ ከጀመረ በኋላ የደቡብ ገበሬዎች በዚያ ውኃ ያጠጡት ቲማቲምና በሶብላ የማግኒዚየም ማነስ አሳየ። የእስራኤል ተመራማሪዎች በ2007 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ጽፈውታል። ፋብሪካዎቹ ውኃውን በኖራ ድንጋይ አሳልፈው ካልሲየም ይመልሱለታል፣ ማግኒዚየም ግን አይመልሱም፤ ይመለስ አይመለስ የሚለው ክርክር ለዓመታት ሲጎተት የቆየ ነው።

ያደረግነው ቀላል ነበር። ባልዲውን አጥበን በቧንቧ ውኃ ሞላነው፤ ለሰላጣና ለጎመን የኻዴራ የቧንቧ ውኃ ይበቃል። ማዳበሪያውን ካልሲየምና ማግኒዚየም ባለው፣ በሁለት ጠርሙስ ተለይቶ በሚሸጠው ቀየርነው። ሁለቱን ጠርሙሶች ውኃ ሳይገባባቸው አንድ ላይ አትቀላቅሉ፤ እንደ ኖራ ረግተው ይቀራሉ። ማዳበሪያውን ሳይለውጥ መሞከር የሚፈልግ ሰው በ20 ሊትር ውኃ አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ማግኒዚየም ሰልፌት ይጨምር። ቢጫ የሆነው ቅጠል ተመልሶ አረንጓዴ አይሆንም፤ አዲስ የሚወጣውን ነው የምታዩት።

እዚህ ላይ ነርስነታችን ይናገር። ማግኒዚየም ሰልፌት የተክል እንጂ የእናንተ መድኃኒት አይደለም፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ማግኒዚየም በማንኛውም መልክ ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይውሰድ። «የተጣራ ውኃ ማዕድን ከሌለው እኛስ?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ጤፍ፣ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን የሚበላ ቤት ማግኒዚየሙን ከገበታው ያገኛል። ክሎሪን የሌለው ውኃ በታንክ ውስጥ ቀናት ሲቆይ ባክቴሪያ ይራባበታል፤ ከቤት ርቃችሁ ስትመለሱ ታንኩን ባዶ አድርጉና እንደገና ይሙላ። የባልዲው ክዳን አይከፈት፤ በበጋ የቆመ ውኃ ትንኝ ይፈለፍላል፣ የምዕራብ ናይል ትኩሳት የሚባለውም በትንኝ የሚመጣና ሽማግሌዎችን አጥብቆ የሚጎዳ ነው። ከሁሉ በላይ ግን፣ የውኃውን አሲድነት ለማስተካከል የሚሸጠውን ፈሳሽና ማዳበሪያውን በለስላሳ ጠርሙስ አትገልብጡ። እኛ ያገኘነው በኮላ ጠርሙስ ነበር፣ ማቀዝቀዣው አጠገብ፣ የልጅ እጅ በሚደርስበት። ሰው ከጠጣው አታስመልሱት፤ 101 ደውሉ። ሐይፋ በራምባም ሆስፒታል ያለው የመርዝ መረጃ ማዕከልም ቀንም ሌሊትም ይመልሳል።

ወደ ፊርማው እንመለስ። ድርጅቱ ጋ ስንደውል «14 ቀን አልፏል» አሉን። ለብዙ ሰው እውነት ነው። ነገር ግን በሸማቾች ጥበቃ ሕግ መሠረት ዕድሜው 65 የሞላ ሰው፣ አካል ጉዳተኛ፣ ወይም የአዲስ ገቢነት ወረቀት ከተሰጠው አምስት ዓመት ያልሞላው ሰው፣ ቤቱ መጥተው ወይም በስልክ አነጋግረው የሸጡለትን ውል በአራት ወር ውስጥ መሰረዝ ይችላል። ያለ ምክንያት ለሚሰርዝ የሚቆረጠው ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሸቀል፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው። ድርጅቱ በ14 ቀን ውስጥ ገንዘቡን መመለስ አለበት። ስም፣ የመታወቂያ ቁጥርና «ውሉን ሰርዣለሁ» የሚል ሁለት መስመር ጽፈን ዶአር ራሹም በሚባለው የአደራ ደብዳቤ ላክን፤ ደረሰኙን አስቀመጥን። ሁለተኛ ስንደውል ስለ አራት ወሩ ማስረዳት አላስፈለገንም፤ ያውቁታል። የማይሰማ ካጋጠማችሁ ለሸማቾች ጥበቃና ፍትሐዊ ንግድ ባለሥልጣን አቤቱታ ይቀርባል።

ይህ ገጽ የሥራም ገጽ ነውና ስለዚያ ወጣት አንድ ነገር እንበል። በእሱ አልተናደድንም፣ ወይም ለረጅም ጊዜ አልተናደድንም። እንዲህ ያለ ሥራ የሚከፈለው በተፈረመው ውል ቁጥር ሲሆን፣ የሚቀጥሩትም ጫማ አውልቆ መግባትን ስለሚያውቅ፣ «እማማ» ማለትን ስለሚያውቅ ነው። አማርኛ ለሚችል ወጣት ማስታወቂያ ስታዩ ደሞዙ የተወሰነ ነው ወይስ በሽያጭ ብቻ፣ ደንበኛው ሲሰርዝ ከእሱ ይቆረጣል ወይ ብላችሁ ልጆቻችሁን አስጠይቁ። ሕጉ ለአንድ የሥራ ሰዓት ከዝቅተኛው ደሞዝ በታች መክፈልን አይፈቅድም፣ ሥራው ሽያጭ ቢሆንም።

አዲሱ ማሽን አልመጣም። አሮጌው ሜምብሬን፣ ማጣሪያዎቹና ቫልቯ ተለውጠው የወጣው ወጪ ከውሉ አንድ አሥረኛ አልደረሰም፤ የመጀመሪያውን ሙሉ ታንክ ደፍተን ስንለካ 14 አለ። እናታችን ግን «ለቡና የቧንቧው ይሻላል» ብለው ጀበናውን ከቧንቧው ይሞላሉ። መለኪያዋ በደረጃው ላይ ቤት ለቤት እየዞረች ነው፤ ባለፈው ሳምንት አራተኛ ፎቅ ነበረች።